ያሉበትን የሚናገር ዕቃ

ለእህቴ ለእትዬ ሰብሌ ይድረስ፤

እንደምን አለሽ? እንደምን ከረምሽ? ያ በብርድ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ እንደምን ሆነልሽ? ራስ ምታቱስ ተወሽ? እንጀራ ታገኛለሽ ወይስ ዳቦ ለምደሽ ቀረሽ? ስትታመሚ ማን ያስታምምሻል፣ ሲከፋሽስ ማን ያጫውትሻል? ሰላምታዬን ድንጋይ በድንጋይ ብክበው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በላይ ጉብ ይል ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። አዝመራው ገብቷል፣ ገብሱ ከአምናው ይሻላል፣ ከብቱም ሰላም ነው። ቤታችን ደኅና ነው ብዬ ልጽፍልሽ ስል ግን እስክሪብቶው እምቢ ይለኛል።

ይህ ወረቀት የት እንደሚያገኝሽ አላውቅም። የጎረቤታችን የገለቴ ልጅ ሰርክአዲስ ለገና ከቤሩት በፈቃድ መጥታለች። አምና ከዐቢይ ጾም በፊት፣ እሑድ እሑድ የኛ ልጆች በሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ እንዳገኘችሽ፣ ከስተሽ እንደነበር፣ አሠሪ ልቀይር ነው እንዳልሻት ነገረችን። ከዚያ ወዲህ እሷም አላየችሽ፣ ስልክሽም አይጠራ። ስለዚህ ደብዳቤውን ይዛ ሄዳ፣ እዚያው በር ላይ ቆማ ሰብሌን የሚያውቅ እያለች ልትጠይቅልኝ ቃል ገብታልኛለች። ደግሞ በስልክ የማይነገር ነገርም አለብኝ። እዚህ ስልክ የሚሠራው ገደሉ አፋፍ ላይ ተወጥቶ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰው ሁሉ የራሱን ስልክ ብቻ ሳይሆን ጆሮውንም ይዞ ይወጣል።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ዋሻ አምባን እንግዳ አዘውትሯታል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው መስክ፣ ያ በልጅነታችን ጥጃ የምናስርበት፣ አሁን ካምፕ ተብሏል። በጋ በገባ ቁጥር ከተራራ ተራራ በእግራቸው የሚዞሩ ፈረንጆች ድንኳን ይተክሉበታል። ሴቶቹ በተራ ምግብ እንሠራላቸዋለን፣ ወንዶቹ ጓዛቸውን በበቅሎ ይጭናሉ። ባለቤቴ ምስጋኑም ከጫኞቹ አንዱ ነው። የሚተረጉምልን ፈንታው የሚባል ከከተማ የሚመጣ አስጎብኚ ነው። በእሱ አፍ እንደሰማሁት እንግዶቹ ከከተማ ጫጫታ ሸሽተን መጣን ይላሉ። ጫጫታውን ግን በሻንጣ አሽገው ይዘውት ነው የሚመጡት። ፎቶ ማንሻ፣ ሙዚቃ ማዳመጫ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ መንገድ የሚያሳይ ዕቃ፣ የተራራ ከፍታ የሚለካ ሰዓት፣ እነዚህን ሁሉ ደግሞ የሚመግብ ገመድ በገመድ። አንዱ እንግዳ ጭላዳ ዝንጀሮው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሣር እየነጨ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ በመሣሪያው ያነሳውን የጭላዳ ፎቶ ሲያይ አይቼ ጉድ ብያለሁ።

ጠዋት ስትደርሺባቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ቁርስ አይደለም፤ ፀሐይ ነው። ሶላር የሚሉትን ጥቁር ሰሌዳ በበቅሎ ጭነት ላይ ዘርግተው ያስሩታል፤ በቅሎዋ እየሄደች እነሱ ባትሪ ይሞላሉ። ምስጋኑ በቅሎውን መብራት ኃይል ብሎ ሰየማት። ዳገት ላይ ስትለግምበት፣ ይኸው ዛሬም ጠፋች ይላል፣ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ይህን የምነግርሽ ቀልድ አምሮኝ አይደለም፣ ባሌ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እንዳትረሺው ነው።

ጥምቀት ባለፈ ማግስት እንግዶች መጡ። ተራው የኔ ስለነበር እናታችን ድንች ልትልጥልኝ አብራኝ ወጣች። እንደምታውቂያት ሥራ ሲያገኝ ነው እጇ ሕመሙን የሚረሳው። ከእንግዶቹ አንዷ በዕድሜ አንቺን የምትሆን ሴት ናት። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ከኪሷ ሳሙና የሚያህል ብርቱካንማ ዕቃ አወጣች፣ አለት ላይ አስቀምጣ አንዱን ቁልፍ ተጫነችና ወደ ሰማይ ቀና ብላ ትንሽ ቆየች። እናታችን ጸሎት መስሏት ቢላዋዋን አስቀመጠች። ቆይታ ግን ፈንታውን ምን ማድረጓ ነው ብላ ጠየቀችው። ፈንታው ነገር ማሳጠር ይወዳል፤ ይህን ስትጫን እናቷ አገሯ ቁጭ ብላ ልጇ ያለችበትን ቦታ ታያለች፣ ደኅና መሆኗንም ታውቃለች አላት። እናታችን፣ እናቷ ናት የምታየው ብላ ደገመችበት። አዎ፣ እናቷ ናት አላት። ባሕር ማዶ ብትሆንም አለችው። ባሕር ማዶም ብትሆን፣ በሳተላይት ነው አላት። ከዚያ ወዲያ ድንቹን አወፍራ ትልጥ ጀመር፤ እኔም ምን ነካሽ፣ ለእንግዳ ልጣጩን ልንቀቅል ነው ወይ ብዬ ተቆጣኋት።

በነጋታው እንግዶቹ ጓዛቸውን አስጭነው ተነሡ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ዕቃው የለም። ሻንጣ ተፈታ፣ ጭነት ተራገፈ፣ የለም። ሴትየዋ ከእንግዲህ መልእክት ቢቀርብሽ አትደንግጪ ልትላት እናቷ ጋ ስልክ ደወለች። እናቷ ግን፣ ምን ቀረብኝ፣ ዛሬም ደርሶኛል፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነሽ አለቻት። ካርታው ላይ የዋሻ አምባ ማርያም ግቢ ቁልጭ ብሎ ታይቷታል። ፈንታው ይህን ሲተረጉም የጫኞቹ ሁሉ ፊት ተለዋወጠ አሉ። ድሮ ሌባ የሚያወጣው ሌባ ሻይ ነበር ይባላል፤ አሁን ደግሞ የተሰረቀው ዕቃ ራሱ አፍ አወጣ።

ፖሊስ ተጠርቶ መጣ። የማርያም ግቢ ሊፈተሽ ነው ሲባል መንደሩ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ወንዱ ዱላውን ይዞ፣ ሴቱ ነጠላውን አደግድጎ ወጣ። ነገሩ ሳይከፋ አባ ወልደ ኪዳን ከጎጇቸው ብቅ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ዕቃውን በነጠላቸው ጫፍ እንደያዙ ለፖሊሶቹ ሰጡና፣ የምትፈልጉት ይህ ነው፤ ዛሬ ጠዋት እጄ ገባ፤ በእንግዶቹ ኋላ ሰው ልልክበት ስል ደረሳችሁ፤ ያመጣልኝን ሰው ግን አልናገርም አሉ። የንስሐ ነገር መሆኑ ለኛ ወዲያው ገባን። የመንደሩ ሁሉ የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው፤ የኔም፣ የእናታችንም፣ የምስጋኑም። ለፖሊሶቹ ግን ነገሩ አጭር ነው። ዕቃው የተገኘው በአባ እጅ ነው፣ ጓዙን ያሰረው ምስጋኑ ነው። ሁለቱንም ይዘው ወደ ከተማ ወረዱ። አባን አላንገላቷቸውም፤ ጠባቂው ፖሊስ ጠዋት ጠዋት መስቀላቸውን ይሳለምና መልሶ በሩን ይዘጋባቸዋል አሉ። ስሙን ተናገሩና ይሂዱ ሲሏቸው፣ እኔ እዚህም ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ፣ ለኔ አትቸኩሉ ይላሉ።

እንግዲህ የኔን ልንገርሽ። እኔ ምስጋኑ ነው ብዬ አመንኩ። ስለነዚህ ዕቃዎች ማውራት ሲጀምር ምሳው ይቀዘቅዝበታል። አንዱ እንግዳ የጣለለትን የተሰበረ የግንባር ባትሪ ፈታትቶ ሠርቶ በረቱን ያበራበታል። እንዲህ ያለ ዕቃ ለአንድ ሳምንት በእጄ ቢገባ ውስጡን አይቼ እረካ ነበር ያለውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የዚያን ዕለት ጠዋትም በቅሎ ልጫን ብሎ ከኔ ቀድሞ ወጥቷል። ከዚህ ሌላ የያዝኩት ነገር የለም። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬ ማቆማቸው ግን አንገበገበኝ፤ እኔ መቼም ወሬ ሲቆምብኝ አልችልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ጠርጥሬ ተመነጠርኩ።

ስንቁን በአገልግል ይዤ ወረድኩ። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ከእሱ ጋር አገናኙኝ። እንዴት አደርክ ማለት ሲገባኝ፣ አባ በስተርጅና በአንተ ምክንያት ሲታሰሩ እንዴት ዝም ትላለህ፣ ለነፍስህ ስትል ተናገር አልኩት። ጠባቂውም ሰማ። ምስጋኑ አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አገልግሉን ጠፍሩን ሳይፈታ እንዳለ መለሰልኝና ወደ ውስጥ ገባ። ያን አገልግል እንደታሰረ ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። ምግቡን ለማን እንደሰጠሁት እንኳ አላስታውስም።

በዚያ ሰሞን እናታችንም እህል አልቀምስ አለች። በምስጋኑ አዝና መሰለኝ። አንድ ቀን ስለሱ ክፉ ስናገር አፌን በመዳፏ ያዘችኝና፣ ተዪው፣ እሱን ብቻ ተዪው አለችኝ። አማች ከልጅ በለጠ ወይ ብዬ ተነጫነጭኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያኔ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን የራሴ ነገር በዝቶብኝ የሷን ዝምታ የማይበት ዓይን አልነበረኝም።

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ሕዝቡ እንዳይበተን አሉ። አባን ያለ ጥፋታቸው አሳስረን በዓል አናከብርም፣ እንደ አባቶቻችን አውጫጪኝ እንቀመጥ ተባለ። በኛ ዕድሜ ሆኖ አያውቅምና አንቺም በወሬ ብቻ ነው የምታውቂው። ሰው ሁሉ ከዋርካው ሥር ይቀመጣል፣ በየተራ እየተነሣ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብሎ ይምላል፣ ነገሩ እስኪወጣ ከብት ቢጠማ፣ ሕፃን ቢያለቅስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ዳኛው አቶ ሙሉሃብት ነበሩ። እንደምታውቂያቸው ለንግግር አይቸኩሉም፤ አንዱን ሰው አስቀምጠው ሌላውን እስኪያስነሡ ፀሐይዋ ቦታ ትቀይራለች። ወንዶቹ ማሉ። ጫኞቹ ማሉ። ሁሉም ሲምል ዓይኑን ወደኔ ይጥላል፤ የምስጋኑ ሚስት ምን ትል ይሆን ነው ነገሩ። ተራው ሊደርሰኝ ነበር። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ባሌን አሳልፌ ልሰጥ ነበር ይሆን፤ ይህን ሳስበው እስካሁን ይጨንቀኛል።

እናታችን ከኔ ቀድማ ተነሣች። ተራዋ አልነበረም። አቶ ሙሉሃብት፣ ባንችይርጋ፣ ቁጭ በይ፣ ገና ነሽ ቢሏት አልሰማቻቸውም። ዕቃውን የወሰድኩት እኔ ነኝ አለች። አባ ለማንም እንዳትናገሪ፣ እኔ በመልካም እመልሰዋለሁ ብለው ገዝተውኝ ነበር፤ ግዝታቸውን ጥሻለሁና ፍርዱ በራሴ ይሁን፤ አማቼ ምንም አያውቅም፣ እሱን ፍቱልኝ አለች። አቶ ሙሉሃብት ለምን ብለው ሲጠይቋት፣ እትዬ፣ ስምሽን ጠራች።

የሰብሌን ቦታ ላይበት ነበር አለች። ለእናቷ ይናገራል ሲሉ ሰማሁ፤ እኔም እናት ነኝ አልኩ። የራት ሳህን ስሰበስብ አለት ላይ ተረስቶ አገኘሁትና በመቀነቴ ቋጠርኩት። ሌሊት ቤቴ ውስጥ ልነካው ፈራሁ። ጠዋት ኪዳን አድርሼ፣ ማርያምን ተሳልሜ፣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩና እንደዚያች ልጅ ቁልፉን ተጫንኩት። አረንጓዴ ነገር ብልጭ አለ። ይናገር እንደሆነ ብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩት። ምንም የለም። ያን ጊዜ የሰው ዕቃ መያዜ ትዝ አለኝና ለአባ ወስጄ ሰጠሁ። ይኸው ነው ነገሬ አለች።

ከኋላ ካሉት ጎረምሶች አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ እንደዚያ ከረጅም ጭንቀት በኋላ ሰው በምንም ይስቃል። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያልሳቀው ፈንታው ነው። ለበዓሉ መጥቶ ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል። በኋላ እንደነገረኝ፣ ያን ዕለት ነገር ባላሳጥር ኖሮ ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ዕቃው የሚናገረው ለተሸከመው ሰው ዘመዶች ብቻ እንደሆነ፣ ሌላውን ሰው ፈልጎ እንደማያገኝ ሁለት ቃል ብጨምርላቸው ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር አለኝ።

እናታችን ሽማግሎቹን ይዛ በእግሯ ወረደች፤ በበቅሎ ሂጂ ብንላት አይሆንም አለች። ፖሊሶቹ ቃሏን ተቀበሉ። ሴትየዋ ዕቃዋን ተረክባ ቀድማ ሄዳ ነበር፤ ፈንታው በስልክ ሲነግራት ክስ የለኝም አለች። እናታችንን መክረው መለሷት፣ አባና ምስጋኑም ተፈቱ። አባ ግዝቱን እዚያው በር ላይ ፈቱላት። ለወሰድሽው ትሰግጃለሽ፣ ለዝምታው ግን ዝም ያሰኘሁሽ እኔ ነኝና ግማሹን እኔ እሰግድልሻለሁ አሏት። ያ ሽማግሌ ሰውዬ በዚያ ጉልበታቸው በጾመ ነነዌ ሲሰግዱ እናታችን እያየች ስታለቅስ ሰነበተች። የሚበድላትን እንጂ ሸክሟን የሚካፈላትን ሰው መቻል አታውቅበትም።

ዳገቱን ስትመለስ መንገድ ላይ ፈንታውን ያዝ አድርጋ፣ ያን ጠዋት የተጫንኩት ታዲያ የት ሄደ አለችው። ለሴትየዋ እናት ደረሰ፤ ልጄ ደኅና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ናት ብለው አነበቡት አላት። ደስ አላቸው ወይ አለችው። አዎ፣ ደስ ብሏቸው ነበር አላት። እሰይ፣ ለአንዷ እናት እንኳን ደረሰ አለች። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሄድኩ።

አሁን ወደ ምስጋኑ ልመለስ። ተፈትቶ ሲመጣ እግሩን ልጠበው ውኃ አሙቄ ጠበቅሁት። አመሰግናለሁ ብሎ ራሱ ታጠበ። እንደዚያ እንደ እንግዳ ከሚያመሰግነኝ ቢመታኝ እመርጥ ነበር። ልጆቹን ሳመ፣ ጋቢውንና ኮርቻውን ይዞ መብራት ኃይልን እየሳበ በጋሸና በኩል ኮን ያለው ወንድሙ ዘንድ ሄደ። አቶ ሙሉሃብትን ሽማግሌ ላክሁበት። መልሱ አንድ ነው። አማቴ ዓመት ሙሉ ድምጿን ያልሰማቻትን ልጇን ደኅና ናት ብላ አምና ትፈልጋታለች፤ ሚስቴ ግን ከጎኗ ያደርኩትን እኔን አላመነችኝም፤ እናቷን አልቀየምም፣ እሷ ቤት ግን አልመለስም አለ። ምን ብዬ ልመልስ? እውነቱን ነው። አፌ እንደ ምላጭ ነው እያልሽ ስትቆጪኝ እስቅብሽ ነበር፤ ይኸው የራሴን ቤት ቆረጠ።

እትዬ፣ ያጋባሽን አንቺ ነሽ። ይህ ልጅ ዝምተኛ ነው፣ አንቺ ደግሞ የሁለት ሰው ታወሪያለሽ፣ ትመጣጠናላችሁ ብለሽ ያሳመንሽው አንቺ ነሽ። የሽማግሌ ቃል ባይሰማ ያንቺን ይሰማል። ሁለት መስመር ብትጽፊለት፣ ፋና አፏ እንጂ ልቧ እንደዚያ አይደለም ብትይው ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። ባይመለስም አንቺ ብለሽው እምቢ ካለ ያን ጊዜ ቁርጤን አውቃለሁ። ከአንቺ ሌላ የምልከው ሰው አጣሁ።

ብር ላኪልን አላልኩሽም፤ እንዳታስቢው። ስልክም ልብስም አልፈልግም። አሠሪሽ መጥፎ ሆና፣ ወይም ሳይቀናሽ ቀርቶ፣ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልጻፍ ብለሽ አፍረሽ እንደሆነ፣ ማፈሩን ተዪው። እናታችን በመንደሩ ሁሉ ፊት ሌባ ነኝ ብላ ተነሥታልሻለች፤ ከዚያ የበለጠ እፍረት በቤታችን የለም፣ እሱም አልፏል። ሰርክአዲስ የማትናገረው ነገር እንዳለ ከፊቷ አይቻለሁ። ስለ አንቺ ስጠይቃት ሻንጣዋን ታስተካክላለች። ክፉም ቢሆን ጻፊው፤ እኛ የማንችለው አለማወቁን ነው።

ገለቴ በጣም አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ ልጇ በመጣች ቀን ደስታዋን ከእናታችን ፊት ደብቃ በጓሮ በኩል ስታለቅስ ነበር፣ ለዚህ ውለታዋን አልረሳም። ታናሽ ወንድማችን፣ ቢተው፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ካርታ አስተምረውት ቤሩትን በጣቱ ያሳየናል፣ እናታችን ያን ገጽ በእጇ ስትደባብሰው ወረቀቱ አለቀ። ልጆቼ አክስታችን መቼ ነው የምትመጣ ይላሉ፤ ትንሿ አይታሽ ባታውቅም ሰብሌ ማለት ትችላለች። አቶ ሙሉሃብት እግዚአብሔር ይጠብቅሽ ብለዋል። አባ ወልደ ኪዳን በየጸሎታቸው ስመ ክርስትናሽን ይጠራሉ። ከምስጋኑ ደግሞ እዚህ ቢሆን ኖሮ ይል የነበረውን ሰላምታ ራሴ ጨምሬልሻለሁ።

የእናታችንን ሰላምታ ለመጨረሻ ያቆየሁት ሌላ ነገር ስላለበት ነው። አሁንም ጠዋት ጠዋት ኪዳን አድርሳ፣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ያ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ዕቃው የለ፣ ቁልፉ የለ፣ ዝም ብላ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ትቆያለች። ትናንት አብሬያት ተቀመጥኩና ምን ትጠብቂያለሽ እማዬ አልኳት። የኔ ለሌላ እናት ደረሰ አላሉም ወይ አለችኝ፤ እሷም ብትሆን ትልካለች፣ መንገድ እየሳተ ለሌላ እናት እየደረሰ ይሆናል እንጂ ልጄ አትረሳኝም።

እትዬ፣ ስትልኪ ቆይተሽ ከሆነ አልደረሰንም። እባክሽ ድገሚው።

ታናሽ እህትሽ ፋና
ላስታ፣ ዋሻ አምባ ማርያም
የካቲት ፫ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.